ልጆቹ ጃፓን ከመሄዳቸው በፊት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጃፓንኛ የሚማሩ ልጆች ከትምህርት ቤታቸው ጋር ጃፓን ሊሄዱ ነው ከተባለ ወሬው ወዲያው ይደራል። ወላጅ አንድ ይላል፣ ልጆቹ ሌላ ይላሉ፣ ዘመድ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። አንዳንዱ ወሬ ምንም ጉዳት የለውም። አንዳንዱ ግን ኤርፖርት ላይ ያስቆማል።

«ሁለት ሳምንት ከቆየ አፉን ይፈታል»

አይፈታም። በሁለት ሳምንት የሚነቃው ጆሮ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ደንግጦ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ «ይህ ስንት ነው?» ማለትን አሳምሮ ተምሯል። ሱቅ ሲገባ ግን ዋጋው ተለጥፎ ያገኘዋል፣ ጥያቄው ሥራ ፈታ። ይልቅ ገንዘብ ተቀባይዋ በጥድፊያ «ፉኩሮ ዋ ጎሪዮ ዴስ ካ?» ትለዋለች። ፌስታል ትፈልጋለህ ወይ ማለቷ ነው። ከጁላይ 2020 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ፌስታል በክፍያ ስለሆነ ይህ ጥያቄ በየሱቁ አለ። የታሸገ ምግብ ከያዘ ደግሞ «አታታሜማስ ካ?» ይከተላል፤ ላሙቀው? ነው።

መልሱም ወጥመድ አለው። «ዳይጆቡ ዴስ» ሲተረጎም «ችግር የለም» ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን «አይ፣ ይቅርብኝ» ማለት ነው። ልጁ እሺ ያለ መስሎት ምግቡን እንደቀዘቀዘ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ወር አዲስ ሰዋስው ከመጨመር እንደነዚህ ያሉ አራት አምስት ጥያቄዎችን መለማመድ ይሻላል። እኔ ብሆን መምህሩ ሆን ብሎ እየተጣደፈ እንዲናገር አደርግ ነበር።

«ካንጂ ያልጨረሰ ልጅ ይጠፋል»

ካንጂን፣ ማለትም ከቻይና የመጡትን ቃል ወካይ ምልክቶች፣ «ጨርሶ» የሚሄድ የለም። ለዕለት ተዕለት ጽሑፍ የተመደቡት ብቻ 2,136 ናቸው። የጃፓን ልጆች ራሳቸው በስድስት ዓመት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩት 1,026ቱን ነው። የባቡር ጣቢያ ስም ደግሞ ሂራጋና በሚባለው የጃፓንኛ የድምፅ ፊደልና በላቲን ፊደልም ይጻፋል።

የሚያስቆጨው ሌላውን የድምፅ ፊደል፣ ካታካናን፣ ችላ ማለት ነው። ከውጭ የመጡ ቃላት የሚጻፉት በእሱ ነው። 46ቱን መሠረታዊ ፊደላት የያዘ ልጅ ሜኑ ላይ «ኮሂ»፣ «ጁሱ»፣ «አይሱኩሪሙ» እያለ ያነባል፤ ድምፁን ሲሰማው ራሱ ይስቃል። ከካንጂ «መግቢያ»፣ «መውጫ»፣ «ወንድ» እና «ሴት» የሚሉትን ከለየ ብዙ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በተለይ የፍል ውሃ በር ላይ ያስፈልጋሉ። እዚያ መሳሳት አይመከርም።

«ኦገስት ላይ ትምህርት ዝግ ስለሆነ ያኔ መሄድ ይሻላል»

ጃፓንም ዝግ ነው እኮ! የትምህርት ዘመኑ ኤፕሪል ላይ ይጀምራል፤ አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጨረሻ ይዘጋሉ። ጉዞው የታሰበው ከጃፓን ልጆች ጋር ክፍል ለመቀመጥ፣ አብሮ ምሳ ለማደል፣ አብሮ ክፍል ለማጽዳት ከሆነ የሚገኘው ባዶ ሕንፃ ነው። ሙቀቱም ከባድ ነው።

በጸደይ ወይም በመጸው ቢሆን ሌላ ነገር አለ። ኪዮቶና ናራ ያኔ የራሳቸው የትምህርት ጉዞ ላይ ባሉ የጃፓን ተማሪዎች ይሞላሉ። ልማዱ የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1886 የቶኪዮ መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎች የባሕር ዳር ከተማ ወደሆነችው ቾሺ ካደረጉት ረጅም ጉዞ ይነሳል። ዛሬ አንዳንዶቹ የውጭ አገር ሰው በእንግሊዝኛ እንዲያናግሩ የቤት ሥራ ይሰጣቸዋል። የእናንተ ልጅ በጃፓንኛ ይጀምራል፣ እነሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ማን እንደሚያሸንፍ ማየት ነው።

«ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት የትም ያልፋል»

እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አምፌታሚን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለበት መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝም ቢሆን ጃፓን አይገባም። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ትኩረት ለመሰብሰብ ለሚቸገሩ ልጆች የሚታዘዘው እሱ ነው። የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን ከ10 በመቶ በላይ ያላቸው የጉንፋን መድኃኒቶችም የተከለከሉ ናቸው። ስለዚህ የየልጁ መድኃኒት ዝርዝር ከወራት በፊት ይሰብሰብና የጃፓን ኤምባሲ ወይም የጃፓን ጤና ሚኒስቴር ይጠየቅ። መድኃኒት ለመቀየር ከሐኪም ጋር መነጋገር ጊዜ ይወስዳል፤ በጉዞው ዋዜማ የሚሆን አይደለም።

«ምግቡ ሁሉ ጥሬ ዓሣ ነው»

አይደለም፤ ሩዝ በካሪ፣ ኡዶን የሚባል ወፍራም የስንዴ ኑድል፣ የተጠበሰ ዶሮ ሞልቷል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የማይታየው ነው። ዳሺ የሚባለው መረቅ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይወጣል፤ አትክልት ብቻ የሚመስል ሾርባ ውስጥም ይገባል። የታሸገ ምግብ ላይ እንቁላል፣ ወተት፣ ኦቾሎኒና ሶባ (ኑድል የሚሠራበት ባክዊት የሚባል እህል) መኖራቸው መጻፍ ግዴታ ነው። ምግብ ቤት ግን ይህ ግዴታ የለበትም። አለርጂ ያለበት ልጅ በጃፓንኛ የተጻፈ ካርድ ይያዝ።

«ጃፓን ሰላም ነው፣ ብቻቸውን ይዙሩ»

እዚያ አንደኛ ክፍል ልጅ ብቻውን ትምህርት ቤት ሲሄድ ማየት የተለመደ ነው፤ እውነት ነው። እሱ ግን መንገዱን ያውቃል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ልምምድም አድርጓል። የእናንተዎቹ ቢያንስ በመጀመሪያው ምሽት የሆቴሉን መውጫ ይዩ። ፖሊስ 110፣ አምቡላንስ 119 ነው።

ፓስፖርትስ? ጎብኚ ሁልጊዜ መያዝ አለበት፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን በሕግ አይገደዱም። የእነሱን መምህሩ ቢይዘው ይሻላል።

«ቤተሰብ ዘንድ ሲያድር ዋናው የገበታ ሥርዓት ነው»

ዋናው ፈተና መታጠቢያ ቤቱ ነው። ገላ የሚታጠቡት ከገንዳው ውጭ ተቀምጠው ነው። ገንዳው ውስጥ የሚገባው ከጸዱ በኋላ፣ ለመሞቅ ብቻ ነው። ያው ውሃ ለቤተሰቡ በሙሉ በየተራ ያገለግላል። እንግዳ ስለሆነ መጀመሪያ ግባ የሚባለው ብዙ ጊዜ ልጁ ነው። ታዲያ ጨዋ ልጅ ነኝ ብሎ ሲወጣ ሙቁን ውሃ ይለቀዋል። ቤተሰቡ አንድ ቃል አይናገርም፤ ዝም ብሎ እንደገና ይሞላል። ልጁ ሻንጣውን ሲያስተካክል ደጋግማችሁ ንገሩት፦ የገንዳውን መድፈኛ አትንካ።