የአሮጌ ስፖርት መኪና ዝገት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአለም ገና ወደ ሰበታ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ባለ አንድ ጋራዥ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቀይ ፊያት 124 ስፓይደር ስናድስ ሁለት ክረምት አልፎናል። ፒኒንፋሪና የነደፈው ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ የቀረበ ሲሆን፣ ብዙዎቹን ከመንገድ ያስወጣቸው ከሞተራቸው ይልቅ የአካላቸው ዝገት ነው። ሥራውን ሊያዩ ከሚመጡ ሰዎች፣ አንዳንዴም ከባትላሜራ ባለሙያዎች ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች መኪኖችን ከዝገቱ ባልተናነሰ ሲጎዱ ስላየሁ፣ አንድ በአንድ ልመልስባቸው።

«አዲስ አበባ ባሕር ስለሌለ መኪና አይዝግም»

ጨው ዝገትን ማፋጠኑ እውነት ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትኖር መኪናም ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ከኖረችው ይልቅ ቀስ ብላ ትዝጋለች። ይሁን እንጂ ብረት እንዲዝግ ውሃና ኦክስጅን ይበቁታል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ክረምታችን ደግሞ ውሃውን አይነፍገውም። በከተማዋ ዳርቻ ያለው ጥቁሩ የመረሬ ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥ ተለጥፎ ከቀረ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል።

«የዛገው ቀለሙ ያበጠበት ቦታ ብቻ ነው»

ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። እብጠቱ ለዓይን በሚታይበት ጊዜ ግን ላሜራው አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባው ተበልቷል። በእኛዋ መኪና የፊት ፓራፋንጎ ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ እብጠት ነበረች፤ ካቻቪቴ ስናስደግፍባት ያለ ምንም ጉልበት ወደ ውስጥ ገባ። ላሜራውን ቆርጠን ስንከፍተው፣ ከበሩ ፊት ባለው ጠባብ ኪስ ውስጥ ጭቃና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠቅጥቆ ነበር፤ ከጀርባው ያለው ብረት እንደ ሽንኩርት በየንብርብሩ ይላጥ ነበር፤ ጉዳቱም የሁለት መዳፍ ስፋት ነበረው።

«ፍቆ፣ ስቱኮ መትቶ መቀባት በቂ ነው»

ስቱኮ በራሱ መጥፎ ነገር አይደለም፤ በጤነኛ ብረት ላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ሲመታ፣ በመዶሻ ያልተስተካከለውን ጎድጓዳ ያቃናል። ቀዳዳ ለመሙላት ግን አልተሠራም፤ ከጀርባ የሚገባውን እርጥበት ይመጥጣል፣ ቆይቶም ከነቀለሙ ይነሳል። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት በመኪናዋ ግራ ጎን ላይ ስናስኬድ፣ ከበሩ ሥር ባለው መረገጫ ላይ አልይዝ አለ። ቀድሞ የጠገናት ጋራዥ ቀዳዳውን በወንፊት ሽቦ ሸፍኖ በላዩ የጣት ውፍረት ያለው ስቱኮ ሞልቶበት ነበር። ይህን ሳይ ከልቤ አዘንኩ፤ ያ መረገጫ ጌጥ አይደለምና።

«ወፍራም ላሜራ ከላይ ደርቦ መበየድ ያጠነክራል»

ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ አባባል ነው። ስፓይደሯ እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ (የብረት አጽም) የላትም፤ ክብደቷን የሚሸከመው ከላሜራ የተሠራው አካሏ ራሱ ነው። የማይነቀል ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ፣ የፊቷና የኋላዋ ግንኙነት በአብዛኛው የተጣለው በወለሉና ከበሮቹ ሥር በተዘረጉት፣ ውስጣቸው ባዶ በሆነው ሣጥን መሰል መረገጫዎች ላይ ነው። በዛገው ላይ አዲስ ላሜራ ሲደረብ በሁለቱ መካከል ውሃ የሚቋጥር ኪስ ይፈጠራል፤ ብየዳውም የሚይዘው የተበላውን ብረት ነው። የመኪናዋ ላሜራ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይርቅ በተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ በቀላሉ ይበሳል፤ ወፍራሙን ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀትም ዙሪያውን ያጣምመዋል። ትክክለኛው አሠራር ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ የዛገውን ቆርጦ ማውጣት፣ ውፍረቱ ተመሳሳይ የሆነ ላሜራ በልኩ ቆርጦ ጠርዝ ለጠርዝ ማጋጠም፣ ከዚያም በሚግ ብየዳ (ቀጭን ሽቦ በጋዝ ከለላ እየመገበ በሚበይድ መሣሪያ) ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየቀያየሩና ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቁ ማያያዝ ነው።

መረገጫው ከመቆረጡ በፊትም የበሩን ክፍት ከማጠፊያው እስከ መቆለፊያው ድረስ የብረት ቱቦ በይዶ መወጠር ግድ ነው። አንድ ወዳጄ ይህን ሳያደርግ ሁለቱን መረገጫዎች በአንድ ጊዜ አስቆረጠ። ብየዳው አልቆ መኪናው ከክሪክ ሲወርድ፣ መሃሉ ረግቦ ስለነበር በሩ ከላይ እየተጋጨ አልዘጋ አለ፤ አዲሱ ሥራ በሙሉ እንደገና ተቆረጠ።

«ዝገት ቀያሪ ፈሳሽ ዝገቱን ይገድለዋል»

ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ ያለበት ፈሳሽ በላይኛው ገጽ ላይ ያለውን ስስ ዝገት ወደ ረጋ ውህድ ይለውጣል። በወፍራም ቅርፊት ሥርና በተደራረበ ላሜራ መካከል ግን አይደርስም፤ የተለወጠውም ቢሆን ፕራይመር (የመጀመሪያ ንብርብር ቀለም) እና የላይ ቀለም ይፈልጋል።

«ከሥር የተቃጠለ ዘይት መርጨት ከዝገት ያድናል»

ዘይት ውሃን መከላከሉ አይካድም። የተቃጠለው ግን ከሞተር የወጣ አሲድና ቆሻሻ ይዟል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ የጎማ ክፍሎችን ያበላሻል፣ እየተንጠባጠበም አፈሩን ይበክላል። ለመረገጫውና ለበሩ ውስጥ የሚሻለው፣ ከብየዳና ከቀለም በኋላ በረጅም ቀጭን ቱቦ የሚረጭ የሰም መከላከያ ነው።

«በላስቲክ የተሸፈነች መኪና አትረጥብም»

በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ከመሬቱ የሚነሳው እርጥበት በላስቲኩ ሥር ታፍኖ በላሜራው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጠዋት ላስቲኩን ገልጦ እጁን በኮፈኑ ላይ ያሳለፈ ሰው ውሃውን ያገኘዋል። ጎኑ ክፍት የሆነና ነፋስ የሚያልፍበት የቆርቆሮ ዳስ ከዚህ እጅግ ይሻላል። ዳስ ቢኖርም ባይኖርም፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት በበሮቹ የታችኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን ትናንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በለስላሳ ሽቦ መክፈት፣ ከዚያም አንድ ጣሳ ውሃ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ አፍስሶ ከሥር መውጣቱን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።