«ያቺ በሙዝ የምትጨፍረው?»

የዝነኛዋን ዳንሰኛ የጆሴፊን ቤከርን ስም ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣልኝ መልስ ይሄ ነው። ውዝዋዜ ስለማስተምር ስሟን ሳላነሳ አልውልም፤ መልሱ ግን ሰለቸኝ። አንድ በአንድ እንየው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሙዙ እውነተኛ ነበር? አልነበረም። በ1926 ፓሪስ፣ ፎሊ ቤርዤር ለሚባለው የትርኢት ቤት የተሠራ፣ የውሸት ሙዝ የተንጠለጠለበት የወገብ ልብስ ነው።

ትውልዷ ፈረንሳይ ነው? አይደለም፣ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ነው። ፈረንሳዊት የሆነችው በ1937፣ ፈረንሳዊ አግብታ ነው።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ «ዞሮ ዞሮ የጭፈራ ቤት ሴት ናት፣ ምን ቁም ነገር አላት?»

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። የባህል ምሽት ቤት ውስጥ ስሠራ ቤት ልከራይ ሄድኩ። አከራይዋ ቁልፉን ከሰጡኝ በኋላ ሥራዬን ጠየቁኝ። «ተወዛዋዥ ነኝ» አልኳቸው። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን መለስኩ። «አይ ልጄ፣ እኛ ቤት እኮ ሴቶች ልጆች አሉ።»

እንግዲህ የዚችን «የጭፈራ ቤት ሴት» ጉድ ስሙ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ለፈረንሳይ ሰላይ ሆነች። ዝነኛዋን ዳንሰኛ ማን ደፍሮ ይፈትሻል? መረጃው በማይታይ ቀለም በሙዚቃ ኖታዋ ላይ ተጽፎ ድንበር ተሻገረ፤ አንዳንዱን ወረቀት የውስጥ ልብሷ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትሰካው ነበር። መሸፈኛዋ ያው የምትናቅበት ጭፈራ ነው! በ1951 ደግሞ ማያሚ ውስጥ ነጭና ጥቁር እኩል ካልገባ አልሠራም ብላ የናይት ክለቡን በር አስከፍታለች። በ1963ቱ የዋሽንግተን የጥቁሮች መብት ሰልፍ የወታደር ልብሷን ለብሳ፣ ሜዳሊያዎቿን ደርድራ ንግግር አደረገች። በ2021 ፈረንሳይ ታላላቆቿን በምታሳርፍበት ፓንቴዮን ገባች፤ ከጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ ናት። (አስከሬኗ ግን እዚያ የለም። ሞናኮ ነው። ሳጥኑ የያዘው አፈር ነው።)

«የጥቁር ሁሉ ጠበቃ ነበረች» የሚሉኝም አሉ። ቀስ በሉ። በ1935 ጣሊያን እኛን ሲወር በአደባባይ ከሙሶሊኒ ጎን ቆማለች፤ ኃይለ ሥላሴን ባሪያ አሳዳሪ፣ ጣሊያንን ነፃ አውጪ አድርጋ። የፋሺስቱን ወሬ እንዳለ ውጣው ነበር። ይቺን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከተናደዳችሁባትስ በዚህ ተናደዱባት፤ ሙዙን ተዉት።