ፑሚስና ቀይ አሽ በኮንክሪት ጥንካሬ ላይ ያላቸው ድርሻ

ፑሚስና ቀይ አሽ የስምጥ ሸለቆ እሳተ ገሞራዎች የተፏቸው፣ ውስጣቸው በአየር ቀዳዳ የተሞላ ድንጋዮች ናቸው። ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆና አዳማ የተጓዘ ሰው ጎናቸው ተቆርሶ የቀሩ ቀያይ ኮረብቶችን ሳያይ አይቀርም፤ ቀይ አሽ የሚጫነው ከእነዚያ ነው። ሁለቱም ለኮንክሪት በጠጠርነትም በዱቄትነትም ይገባሉ። እንዳሉ ሲገቡ ጥንካሬ ይቀንሳሉ፤ ተፈጭተው ሲገቡ ግን ዘግይተው ጥንካሬ ይሰጣሉ።

በጠጠርነት፦ የተለመደው ጠጠር ከጥቁር ድንጋይ የሚፈጭ ሲሆን፣ ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ከተሠራ 28 ቀን የሞላው የኮንክሪት ናሙና ጥንካሬው እንዲለካ በማሽን ሲሰበር ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ጠጠሩን ዞሮ ያልፋል። በፑሚስ የተሠራው ሲሰበር ግን ጠጠሩ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ነጣ ያለው ውስጡ ይታያል። ስለዚህ ሲሚንቶ ቢጨመርም ከድንጋዩ አቅም ብዙ ማለፍ አይቻልም። ለብሎኬት ግን ቅለቱ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ሶሌታውና ኮለኑ (ምሰሶው) የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። ቀይ አሽ ከፑሚስ ጠንከር ስለሚል እንደ ኮለን ላለ ክብደት ተሸካሚ የሕንፃ አካል ይበቃል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ በላቦራቶሪ ሳይፈተሽ ግን መሞከር የለበትም።

ትልቁ ችግር ውሃ ነው። ቀዳዳዎቹ ውሃ ይመጥጣሉ። ደረቅ ቀይ አሽ ሚክሰር ውስጥ ሲገባ ድብልቁ ወዲያው ይደርቃል፣ ሠራተኛውም ውሃ ሊጨምር ባልዲ ያነሳል። አሜሪካዊው የኮንክሪት ተመራማሪ ደፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ውሃው ከሲሚንቶው አንጻር በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። ጠጠሩን ቀድሞ አርጥቦ ማሳደር ከዚህ ያድናል።

በዱቄትነት፦ ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ለጥንካሬ ብዙም የማይረዳ ኖራ ይተርፋል። በተፈጨው ፑሚስ ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ከዚህ ኖራ ጋር ተዋህዶ አዲስ ማጣበቂያ ይፈጥራል። ሮማውያን የእሳተ ገሞራ አመድን ለዚሁ ተጠቅመውበታል። በአገራችን ፒፒሲ የሚባለው፣ የተፈጨ ፑሚስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከኦፒሲ (ፑሚስ ካልገባበት መደበኛ ሲሚንቶ) ወደኋላ ቢቀርም በወራት ውስጥ ክፍተቱን ያጠብባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወንጂ ስኳር ፋብሪካን የሸንኮራ አገዳ ገለባ (ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረውን) አመድም ፈትሸዋል፤ አመዱ በጥቂቱ ሲሚንቶን ሲተካ ጥንካሬው እንደማይጎዳ፣ ሲበዛ ግን እንደሚወርድ ማሳየታቸው ሊታወቅላቸው የሚገባ ሥራ ነው።

  

የፒፒሲ ኮንክሪት ዘግይቶ ስለሚጠነክር ውሃ ማጠጣቱ በ7 ቀን መቆም የለበትም። ሶሌታ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ 14 ቀን ቢቆይ ይመረጣል፤ ቀድሞ ከደረቀ ፑሚሱ ሥራውን ሳይጀምር ይቀራል።