ታይ ኦ፦ ከሆንግ ኮንግ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ያለችው የአሣ አጥማጆች መንደር

ታይ ኦ በላንታው ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ ላይ ያለች የአሣ አጥማጆች መንደር ናት። ላንታው ከሆንግ ኮንግ ደሴቶች ሁሉ ትልቁ ነው። ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያም ከዚሁ ደሴት ሰሜናዊ ዳርቻ ጋር የተያያዘ ነው። አየር መንገዳችን ወደ ቻይና መብረር ከጀመረበት ከ1973 ወዲህ በዚህ በኩል ያለፈ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ሻንጣውን ይዞ ወደ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ወደ ጓንጁ ይጣደፋል። መንደሯ ከተራራው ማዶ እንዳለች ሳያውቅ ይመለሳል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አካባቢው ሞቃታማ ነው። በካርታ ከሄድን ሆንግ ኮንግ ከትሮፒክ ኦፍ ካንሰር መስመር በስተደቡብ ስለምትገኝ የትሮፒክ ምድር ናት። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ግን በታኅሣሥና በጥር ቀዝቀዝ ስለምትል ከፊል ትሮፒካል ይሏታል። በሐምሌ ወር እዚያ የተገኘ ሰው በዚህ ክርክር ጊዜ አያጠፋም። ሸሚዝ ሰውነት ላይ ይጣበቃል፤ ውሃ ሳይዙ መቶ ሜትር መሄድም ይከብዳል።

መንደሯን በፎቶ ያስታወቋት በውሃ ላይ የቆሙት ቤቶቿ ናቸው። መሃሏን ቆርጦ በሚያልፈው የባሕር ሰርጥ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ጭቃው ውስጥ ምሰሶ ይተከላል፤ በምሰሶው ላይ ወለል ይነጠፋል፤ በወለሉ ላይ ቤት ይሠራል። ምሰሶው ዱሮ የግራናይት ድንጋይ ወይም ጨው የማይበላው ጠንካራ እንጨት ነበር። ግድግዳና ጣሪያው ዛሬ በአብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ ብዙው ብርማ ቀለም የተቀባ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ከወለሉ ሥር ይደርሳል። ሲጎድል ጀልባዎቹ ጭቃው ላይ ይተኛሉ፤ ትንንሽ ሸርጣኖችም ከየጉድጓዳቸው ብቅ ይላሉ። ቤቶቹ በእንጨት መተላለፊያ የተያያዙ ስለሆኑ የአንዱ በረንዳ የሌላው መንገድ ነው። ቆም ብሎ የሰው ሳሎን ውስጥ ካሜራ መደገን የሚያሳፍር የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሩ የተከፈተው ለንፋስ እንጂ ለጎብኚ አይደለም።

ቤቶቹን የሠሩት በጀልባ ተወልደው በጀልባ የሚያረጁ የነበሩ የደቡብ ቻይና የባሕር ሰዎች ናቸው። የየብሱ ሕዝብ ለብዙ ዘመን ይንቃቸው ነበር። ከየብስ ሰው ጋር መጋባትም ሆነ ለመንግሥት ሥራ ፈተና መቀመጥ ተከልክለው ኖረዋል። የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ በ1729 ባወጣው አዋጅ የብስ ላይ መኖር ፈቀደላቸው። ንቀቱ ግን በወረቀት ብቻ አልጠፋም። ከጀልባ ሳይወጡ፣ ከየብስም ሳይርቁ፣ በመሃል የቆመው ቤታቸው ያን ታሪክ በደንብ ያሳያል።

ስለ ጥንቱ ዘመን የተጻፈው ጥቂት ነው። በአካባቢው የድንጋይ ዘመን ቅሪቶች ተገኝተዋል። በ1197 በላንታው የነበሩ ጨው አምራቾች በሶንግ ሥርወ መንግሥት ሹማምንት ላይ ተነሥተው በጦር ኃይል ተደምስሰዋል። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፖርቹጋሎች በዚህ ባሕር መጥተው ከቻይና ባሕር ኃይል ጋር ተዋግተዋል። ታይ ኦን ለአጭር ጊዜ ይዘው ነበር የሚሉም አሉ። ሰፈራቸው የት እንደነበረ ታሪክ ጸሐፊዎች ስላልተስማሙበት ወሬውን በጥርጣሬ መያዝ ይሻላል። በ1898 እንግሊዞች ላንታውን ጨምሮ «አዲሶቹ ግዛቶች» የሚባለውን አካባቢ ከቻይና ለ99 ዓመት ተከራዩ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ይበዛል፤ እንግሊዝ የሄደበት ሁሉ መዝገብ ይከተላል።

ከመዝገቡ ብዙውን የያዘው ፖሊስ ጣቢያው ነው። በ1902 ከመንደሯ ጫፍ ባለ ኮረብታ ላይ ተሠራ። በዙሪያው ባሕር ወንበዴዎች ይመላለሱ ስለነበር የጠባቂ ማማ፣ መድፍ፣ የእስረኛ ክፍልና በሌሊት ባሕሩን የሚያስስ ትልቅ መብራት ነበረው። በ1918 አንድ ሕንዳዊ ኮንስታብል አለቃውን ሳጅን እዚያው ጣቢያ ውስጥ ተኩሶ ገደለ። ጥይት የበሳው የብረት የመስኮት መዝጊያ ዛሬም በቦታው አለ፤ ጣትን ቀዳዳው ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ወንበዴ ሲቀንስ የጣቢያው ሥራ ወደ ኮንትሮባንድና ከዋናው ቻይና በጀልባ ወደሚሸሹ ሰዎች ዞረ። የባሕር ፖሊሶቹ በ1996 ለቀቁ። ሕንፃው ለጥቂት ዓመታት የጥበቃ ኬላ ሆኖ ቆይቶ በ2002 ባዶ ቀረ። ከዚያ አንድ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ከመንግሥት ተረክቦ አደሰውና በ2012 ዘጠኝ ክፍሎች ያሉት ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። በ2013 ከዩኔስኮ የእስያና ፓስፊክ የቅርስ ጥበቃ ሽልማት አግኝቷል። አልጋው ውድ ነው። አልጋ የማይዝ ሰውም ግን በአስጎብኚ ሊያየው ይችላል። ምግብ ቤቱ ጣሪያው መስተዋት ነው። ማማውን፣ መድፉንና እስር ቤቱን ሳይነኩ እንደነበሩ ማቆየታቸው ያስመሰግናቸዋል። ሌላ ቦታ ቢሆን ፈርሶ አፓርትመንት ይሠራበት ነበር።

መንደሯ የኖረችው በሦስት ነገር ነው፤ በጨው፣ በአሣና በሽሪምፕ። ጨዉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገበያ አጥቶ ቀረ። ከዱሮው የጨው መሬት ከፊሉ ዛሬ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ በቅሎበታል። ዛፉ የተተከለው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ለጠፋው ማንግሮቭ ምትክ እንዲሆን ነው።

የሽሪምፑ ጉዳይ ረዘም ያለ ነው። ታይ ኦ በሆንግ ኮንግ ገበያ ስሟ የሚነሣው በሽሪምፕ ድልህ ነው። ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ብርማ ሽሪምፕ ከጨው ጋር ይፈጫል። ድልሁ በሰፋፊ የቀርከሃ ሰፌድ ላይ በስሱ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። መልኩ መጀመሪያ ሐምራዊ ግራጫ ነው። ፀሐይ ባገኘ ቁጥር እየጠቆረ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። ሴቶች በማንኪያ መሰል እንጨት እየዞሩ ያገላብጡታል፤ ዝናብ ከዳመነ ሰፌዱን ሁሉ ተሯሩጠው ያነሣሉ። ለስላሳው በማሰሮ ይታሸጋል፤ የበለጠ የደረቀው እንደ ሳሙና ተቆርጦ ይሸጣል። የሥራው ወቅት ከሰኔ እስከ ጥቅምት ነው። በዚያ ጊዜ ጠረኑ ገና አውቶቡሱ ሳይቆም ይቀበላችኋል። የማይወዱት አሉ። ደግነቱ ሩብ ሰዓት ካለፈ አፍንጫ ይለምዳል።

ሆኖም ሽሪምፑ ዛሬ የታይ ኦ አይደለም። የሆንግ ኮንግ መንግሥት የባሕሩን ወለል እየጠረገ የሚጎተተውን መረብ ከ2012 የመጨረሻ ቀን ጀምሮ ከለከለ። ምክንያቱ ባሕሩ መራቆቱ ነው፤ ትክክለኛም ምክንያት ነበር። ድልህ ሠሪዎቹ ግን በደጃቸው ያጠምዱት የነበረውን ሽሪምፕ ከዋናው ቻይና መግዛት ጀመሩ። የቀሩት ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሉም የቀመሙ ምስጢር ጨዉና ፀሐዩ ላይ እንጂ ሽሪምፑ ላይ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ለሻጭ የሚመች መልስ ነው፤ ቢሆንም የሚቀምሰው ሰው ልዩነቱን ሲናገር አይሰማም።

ከድልሁ ጎን የጨው አሣ አለ። አሣው ጨው ውስጥ ከቆየ በኋላ ራሱ ወደ ታች ተደርጎ ይሰቀላል። ዝንብ እንዳይገባበት ጭንቅላቱ በወረቀት ይጠቀለላል። ከሱቁ ጣሪያ ላይ ረድፍ ሙሉ ወረቀት የለበሰ አሣ ተንጠልጥሎ ማየት ለእንግዳ ያስቃል፤ የዋጋውን ወረቀት ሲያይ ደግሞ ሳቁ ይቆማል። በየደጃፉ የዳክዬ እንቁላል አስኳል እንደ ብርቱካናማ ሳንቲም ፀሐይ ላይ ተደርድሮ ይደርቃል።

ለኢትዮጵያዊ ተጓዥ አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል። ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት የማይበላ ሰው እዚህ መጠንቀቅ አለበት። ድልሁ በአትክልቱም በሩዙም ይገባል፤ ከአሳማ ሥጋ ጋርም ይጠበሳል። «ሽሪምፕ የለበትም» ያለ አስተናጋጅ ድልሁን ቆጥሮት ላይሆን ይችላል። ደግነቱ የሚበላ አይጠፋም። በከሰል ላይ የሚጋገረው ባለ እንቁላሉ ዋፍል አለ። በስኳር የተነከረው ትኩስ ጥብስ ሊጥም አለ፤ ከፓስቲ ጋር የአክስት ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል።

መንደሯ ቤተ መቅደሶቿ ብዙ ናቸው። ዋናው ከውሃው ዳር ያለው የየንግ ሃው ቤተ መቅደስ ነው። በ1699 እንደተሠራ ይታመናል፤ በ2017 በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ሆኗል። የሚመለክበት ሰው የሶንግ ሥርወ መንግሥት የመጨረሻ ሕፃናት ነገሥታትን ከሞንጎሎች ያሸሸ ታማኝ መኰንን ነው ይባላል። ውስጡ ዓሣ አጥማጆች ያገኙት የዓሣ ነባሪ አጥንት ይታያል። በቻይናውያን አምስተኛ ወር አራተኛ ቀን ሦስት የአሣ አጥማጆች ማኅበራት የአማልክቱን ምስሎች ከየቤተ መቅደሱ ያወጣሉ። በማግስቱ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ምስሎቹ በትንሽ ጀልባ ይቀመጡና በድራጎን ጀልባ እየተጎተቱ በሰርጡ ውስጥ ይዞራሉ። በውሃው ለሞቱ ነፍሳት ወረቀት ይቃጠላል፤ በምሰሶ ቤቶቹ ያሉት ሰዎችም ዕጣን ያጤሳሉ። ሥርዓቱ የተጀመረው ወረርሽኝ ለማባረር እንደሆነ ሽማግሌዎች ያወራሉ። ቻይና በ2011 በብሔራዊ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍራዋለች። ሌላ ቦታ የድራጎን ጀልባ ውድድር ነው፤ እዚህ ግን ከውድድሩ በፊት የሚቀድም ጸሎት አለው።

ሰርጡን ለመሻገር ዱሮ በገመድ የሚጎተት ጠፍጣፋ ጀልባ ነበር። ጎታቾቹ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። በ1996 የእግረኛ ድልድይ ተተካበት። ድልድዩ ረጅም ጀልባ ሲመጣ ይከፈታል። ድልድዩ አጠገብ ትንሽ ጀልባ የሚያከራዩ ሰዎች «ዶልፊን! ዶልፊን!» እያሉ ይጠራሉ። የሚያሳዩት የቻይና ነጭ ዶልፊን የሚባለውን ነው። ሲወለድ ግራጫ ነው፤ ሲያድግ ሮዝ ይሆናል። በ2003 በሆንግ ኮንግ ውሃ 188 ያህል እንደነበሩ ተገምቶ ነበር። በ2018 ግምቱ 32 ደረሰ። አውሮፕላን ማረፊያውን ለማስፋት ባሕር ተደልድሏል፤ በዚያው በ2018 የተከፈተው 55 ኪሎ ሜትር የሆንግ ኮንግ፣ ዡሃይና ማካው ድልድይም በመኖሪያቸው በኩል ያልፋል። ፈጣን ጀልባዎችም አሉ። ከሦስቱ የትኛው የበለጠ ጎዳቸው የሚለው ገና ያከራክራል። ጀልባው የምሰሶ ቤቶቹን ከሥር ስለሚያሳይ ገንዘቡ አያስቆጭም። ዶልፊን አያለሁ ብሎ የገባ ግን ባዶ እጁን ሊወጣ ይችላል።

መንደሯ ከእሳትም ከውሃም ተፈትናለች። በ2000 በደረሰ ቃጠሎ ብዙ የምሰሶ ቤቶች ወደሙ። በሰኔ 2008 የጣለው ዶፍ መንገዱን በመሬት መንሸራተት ዘግቶ ሰዉን ከከተማ ለየው። ሃቶ የተባለው ታይፎን (ኃይለኛ የባሕር አውሎ ነፋስ) በ2017፣ ማንግኩት ደግሞ በ2018 ባሕሩን ወደ ቤቶቹ አስገቡ። ሰዉ ዕቃውን ወደ ላይ ይሰቅላል፤ ሽማግሌዎቹን ወደ ደረቅ ቦታ ያወጣል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ጭቃውን ይጠርጋል። የቀረው ነዋሪ ሁለት ሺህ ገደማ ነው። ወጣቱ በአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወዳለችው ወደ ቱንግ ቹንግና ወደ ከተማው ሄዷል። ቅዳሜና እሑድ ሊጠይቅ ሲመጣ ከቱሪስቱ ጋር አውቶቡስ ላይ ይጋፋል።

መንገዱ ቀላል ነው። ከቱንግ ቹንግ የባቡር ጣቢያ 11 ቁጥር አውቶቡስ ይነሣል። ተራራውን ዞሮ ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ይወስዳል። ጠመዝማዛ ስለሆነ መኪና የሚያስታውከው ሰው ከፊት ይቀመጥ። ከማዕከላዊ ሆንግ ኮንግ በጀልባ የላንታው ወደብ በሆነችው ሙይ ዎ ወርዶ በ1 ቁጥር አውቶቡስም ይመጣል። ኦክቶፐስ የሚባለው የመጓጓዣ መክፈያ ካርድ በሁሉም ላይ ይሠራል፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይም ይሸጣል። ሙሉ ቀን ያለው ሰው ጠዋት በኬብል ካር ተራራው ላይ ወዳለው ንጎንግ ፒንግ ወጥቶ 268ቱን ደረጃ ወደ 34 ሜትሩ የቡድሃ ሐውልት ይውጣ፤ ከዚያ በ21 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ታይ ኦ ይውረድ። ከተቻለ በሥራ ቀን ይሁን። እሑድ ከሰዓት በኋላ የመመለሻው ሰልፍ ከአውቶቡስ ማቆሚያው አልፎ ወደ ገበያው ይታጠፋል፤ በረራ ያለበት ሰው እዚያ ከመሰለፉ በፊት ሰዓቱን ይይ።