መርፌውን ፈርተው አጥሚቱን ይጠጣሉ

የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ጫፍ ላይ፣ ከአያት፣ ከለገጣፎና ከሰንዳፋ ታካሚ የሚመጣበት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስለ ማደንዘዣ የሚወራውን ታክሲ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ዎርድ ውስጥም እሰማለሁ። አንዳንዱ ያስቃል። አንዳንዱ ግን ሰው ይጎዳል።

ከሁሉ ያንገሸገሸኝ፣ ሳያስተኛ ከወገብ በታች ስለሚያደነዝዘው መርፌ የሚወራው ይኼ ነው፦ «የወገብ መርፌ ዕድሜ ልክ ወገብ ያሳምማል።»

በኦፕራሲዮን ልትወልድ የገባች እናት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይዛ ትመጣለች። አማቷ ነግራታለች፣ ጎረቤቷ ነግራታለች። «ወንድሜ፣ ሙሉ በሙሉ አስተኛኝ፤ ወገቤን ብቻ እንዳትነካብኝ!» ትለኛለች። እሺ፣ እንነጋገር።

መርፌው አጥንት አይበሳም፤ በአጥንቶቹ መሃል ባለው ክፍተት ነው የሚገባው። ዋናው የነርቭ ገመድ በአዋቂ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። እኛ የምንወጋው ከዚያ በታች ነው። ቦታውንም በግምት አናገኘውም። የዳሌ አጥንትሽን ጫፍ ግራና ቀኝ ይዘን፣ መሃሉን በአውራ ጣት ዳብሰን ነው። «አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ፣ ወገብሽን ወደኔ ግፊ» ብለን የምንጨቀጭቅሽም ክፍተቱ እንዲሰፋ ነው። መድኃኒቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቡፒቫኬን፣ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ይለቃል። እዚያ ተቀምጦ ወገብ የሚበላ ነገር የለም።

የተወጋው ቦታ ለጥቂት ቀናት ሊያም ይችላል፤ እሱን አልክድም። ከዓመት በኋላ ያለው ሕመም ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉለት። እርግዝና ራሱ ጅማት ያላላል፣ ሆድ ሲገፋ ወገብን ይጎትታል። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ማጥባት አለ፣ ልጅ ማዘል አለ፣ ውኃ ሲጠፋ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ መውጣት አለ። ምጥ ላይ በወገብ በኩል ማደንዘዣ የወሰዱትንና ያልወሰዱትን እናቶች ያወዳደሩ ጥናቶች፣ በቆየ የወገብ ሕመም ላይ ልዩነት አላገኙም። እህቴ ልጆቿን ሁሉ በምጥ ነው የወለደችው። መርፌ ወገቧ አጠገብ ደርሶ አያውቅም። ስለ ወገቧ ግን በየጊዜው እየደወለች የምታማርረው ለእኔ ነው።

«ሽባ ያደርጋል» የሚለውስ? ከባድ ጉዳት አለ፣ ግን እጅግ ብርቅ ነው። የሚመጣውም በአብዛኛው እዚያ አካባቢ ደም ሲጠራቀም ወይም ኢንፌክሽን ሲገባ ነው። ስለዚህ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አትደብቂኝ። ኦፕራሲዮኑ ላይ እግርሽ እንደሌለ ሆኖ ቢሰማሽ አትደንግጪ፤ የተፈለገውም እሱ ነው። ሲጎትቱሽም ይታወቅሻል። ካመመሽ ግን ዝም አትበይ። መርፌው አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል፣ መፍትሔም አለን።

ከወገብ መርፌ የሚመጣ እውነተኛ ችግር ከፈለጋችሁ ራስ ምታቱ ነው። ቁጭ ሲሉ ይብሳል፣ ጋደም ሲሉ ይቀላል። አዲስ ነገርም አይደለም። በ1898 በፈረንጆች ይህን ማደንዘዣ ያስጀመረው ጀርመናዊው ሐኪም አውግስት ቢር፣ በራሱ ላይ አስሞክሮት ለቀናት በራስ ምታት ተኝቷል። ዛሬ መርፌዎቹ በጣም ቀጥነዋል፣ ሕመሙም ቀንሷል። ሲመጣም ይታከማል። ዳማከሴ እያሸተታችሁ ቤት አትቀመጡ፤ ወደ እኛ ተመለሱ። «24 ሰዓት ትራስ አታድርጊ፣ ቀና አትበይ» የሚባለው ግን ራስ ምታቱን አይከላከልም። ይህን ስል ዎርድ ያሉ ባልደረቦቼ ይቆጡኛል። ይቆጡ።

ሰው መርፌ መርፌ ሲል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ምግብ ነው። «ባዶ ሆዱን እንዴት ይቀደዳል? አቅም ያንሰዋል» ይላሉ ቤተሰቦች። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ እንዳይበላ ተነግሮት ያደረ ሰው ጠዋት ጓዳ ተጠርቶ ይጎርሳል።

አንድ ለኸርኒያ ኦፕራሲዮን የመጡ አባት ነበሩ። «ጋሼ፣ ምንም አልቀመሱም?» አልኳቸው። «ምንም፣ ልጄ» አሉኝ። ጉሮሯቸውን ለማየት «አፍዎን ይክፈቱ» ስላቸው የቅቤና የበርበሬ ሽታ ፊቴ ላይ መጣ። ገንፎ! ጥርሳቸው ሥር ቅሪቱ አለ። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ ጌጠኛ ሣህን በነጠላ ሸፍነው ቆመዋል። ተራው ወደ ሌላ ቀን ተዛወረ፣ እሳቸውም ተቆጥተውኝ ሄዱ። ሽታው ባይመጣ ኖሮ ግን አስተኛቸው ነበር። ሰው በማደንዘዣ ሲተኛ ማሳሉም መዋጡም ይቆማል። ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይኼ ይገድላል።

ስለዚህ ልብ በሉ፤ ከማደንዘዣው በፊት ሳትበሉና ሳትጠጡ የምትቆዩት ይህን ያህል ነው። ሥጋና ቅባት የበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት፣ ለሕፃን የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውኃና ወተት የሌለው ሻይ 2 ሰዓት። አጥሚት ውኃ አይደለም! ቢቀጥንም እህል ነው። ጠበል ውኃ ነው፤ እሱንም ቢሆን ሰዓቱን ንገሩኝ። ሆስፒታላችሁ ከዚህ የጠበቀ ሰዓት ከሰጣችሁ የእሱን ያዙ። ድንገት ከበላችሁ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። ቀን ይቀየራል እንጂ ማንም አይገርፋችሁም።

የቀሩትን ወሬዎች ቶሎ ቶሎ እንያቸው።

«ማደንዘዣ ሚስጥር ያስወጣል።» አያስወጣም። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ሲነቃ ሊቀባዥር ይችላል፣ የሚቀባዥረውን ግን ቁምነገር ብሎ የሚሰማ የለም።

«ወግተው ይሄዳሉ፣ መሃል ላይ ትነቃለህ።» የት እንሄዳለን? እስኪያልቅ ድረስ አጠገብህ ሆነን ግፊትህን፣ ትንፋሽህንና ኦክስጅንህን እንከታተላለን፤ መድኃኒቱንም እያየን እንጨምራለን።

«ጠጪና ጫት ቃሚ አይደነዝዝም።» ይደነዝዛል። መጠኑ ግን ሊለይ ይችላል፣ ጫትም ከግፊትና ከልብ ምት ጋር ይጫወታል። ሚስትህ ፊት መናገር ከከበደህ አስወጣልሃለሁ፤ ብቻ ንገረኝ።

«የዛሬ ኪኒኔን ዘለልኩ፣ ኦፕራሲዮን አለብኝ ብዬ።» የግፊት፣ የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት በራስህ አታቁም፣ በራስህም አትዋጥ። ቀደም ብለህ ጠይቅ። አንዳንዱ በጉንጭ ውኃ ይዋጣል፣ አንዳንዱ ይቆማል።

የጥፍር ቀለም አስለቅቃችሁ ኑ፤ ኦክስጅን የምንለካው በጣት ነው። ማተብህን የሚበጥስብህ የለም። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለህ ግን ከመተኛትህ በፊት አሳየኝ፤ ቱቦ ሳስገባ ወልቆ ሳንባህ እንዳይገባ።