የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ያለ ሰው ልብ፦ ብዙዎች የሚሳሳቱባቸው ነገሮች

«የታመመው ኩላሊቴ ነው፤ ልቤ ደህና ነው።»
የኩላሊት እጥበት ላይ ያሉ ሰዎችን በብዛት የሚገድለው የልብ ችግር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ድንገት ነው። ልብ የሚመታው በኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠሩት ደግሞ እንደ ፖታሲየምና ካልሲየም ያሉ ማዕድናት ናቸው። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም መውጫ ያጣና ደም ውስጥ ይጠራቀማል።

«ፖታሲየሜ ቢጨምር ይታወቀኛል።»
ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ደም ውስጥ ጤናማው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5 ሚሊሞል አካባቢ ነው። ከ6.5 አልፎም ምንም የማይሰማው ሰው አለ። አንዳንዱ እግሩ ይዝላል፣ ልቡ ይዘገያል። ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በመስመር የሚያሳይ ምርመራ) ላይ መጀመሪያ የቲ ሞገድ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የሚታየው ጉብታ፣ ሾጠጥ ብሎ ይቆማል፣ ቀጥሎ ምቱን የሚያሳየው መስመር ይሰፋል፣ ከዚያ ልብ ሊቆም ይችላል። ኢሲጂው ደህና መስሎ ፖታሲየሙ ከፍ ያለም ይኖራል። ስለዚህ የደም ምርመራውን አትዝለሉ።

«አንድ ቀን ብቀር ምን ችግር አለው?»
አሜሪካ ውስጥ በሳምንት ሦስቴ የሚታጠቡ ከ32,000 በላይ ታካሚዎች የተካተቱበትና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሞትም ሆነ በልብ ችግር ሆስፒታል መግባት የጨመረው ከረጅሙ የሁለት ቀን ክፍተት በኋላ ነበር። እኛ አገር ብር አጥሮት በሳምንት ሁለቴ ወይም አንዴ የሚታጠብ ብዙ ነው። ጥፋቱ የታካሚው አይደለም። ግን ክፍተቱ በረዘመ ቁጥር የምግብ ጥንቃቄው መጥበቅ አለበት። ለሐኪማችሁም ሳታፍሩ ንገሩ፤ ፖታሲየም የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ።

«ፍራፍሬ ምን ይጎዳል?»
ጠያቂ በፌስታል ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል። አቮካዶ ያለበት ስፕሪስም ይጋበዛል። ሁሉም ፖታሲየም የበዛባቸው ናቸው። ፖምና አናናስ ይሻላሉ፣ በልኩ። ድንች ካማራችሁ ልጣችሁ፣ አሳስታችሁ ከትፋችሁ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሉና ውሃውን ድፉት። «ለግፊት ጥሩ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ሶዲየም የቀነሰ ጨው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ አለበት። ቤት አታስገቡት።

«ቶሎ ቢያጥበኝ ይሻላል።»
አይሻልም። ብዙ ውሃ በአጭር ሰዓት ሲወጣ፣ ፖታሲየምም ባንዴ ሲወርድ፣ የልብ ምት ይዛባል። ማሽኑ ላይ እያላችሁ ልባችሁ ከደለቀ ወይም ካዞራችሁ ወዲያው ነርሷን ጥሩ።

ጥንቃቄ የሚፈልግ መድኃኒትም አለ። አዚትሮማይሲንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባሉት አንቲባዮቲኮች የልብን ኤሌክትሪክ ሊያዛቡ ይችላሉ። ፋርማሲ ስትገቡ መጀመሪያ «እጥበት ላይ ነኝ» በሉ። ራሳችሁን ከሳታችሁ፣ እግራችሁ ድንገት ከከዳችሁ ወይም ምታችሁ ከተዛባ ደግሞ ተራችሁን ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።