የኔትወርክ አድራሻዎች የቁጥር አጻጻፍ

ኮምፒውተር አድራሻን የሚያውቀው በቢት (በ0ና በ1 ተርታ) ነው፤ በነጥብም ሆነ በኮለን መከፋፈሉ ለሚያነበውና ለሚተይበው ሰው ሲባል የመጣ ነው።

የአይፒ (የኢንተርኔት ፕሮቶኮል) ስሪት 4 አድራሻ 32 ቢት ሲሆን፣ ከ0 እስከ 255 ባሉ አራት ቁጥሮች ተከፍሎ በነጥብ ይጻፋል። 192.168.10.1 በአንድ ቁጥር ሲጻፍ 3232238081 ነው፤ ስህተት ባይሆንም የየትኛው ኔትወርክ እንደሆነ ዓይን አይለየውም። አሳሳቹ ነገር ከፊት የሚጨመር ዜሮ ነው። አሮጌው የዩኒክስ ስርዓተ ክወና አነባበብ በ0 የሚጀምርን ቁጥር በኦክታል (በስምንት መሠረት) ስለሚወስድ 010 ለእሱ 8 ነው፣ ለሌላው ፕሮግራም ግን 10። ማጣሪያው አንዱን አይቶ ሲፈቅድ ግንኙነቱ ወደ ሌላው ይሄዳል። የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋ አድራሻ አንባቢ ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አይቀበልም፤ ተገቢ ውሳኔ ነው።

የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ 128 ቢት ነው፦ በኮለን የተለያዩ ስምንት ክፍሎች፣ በእያንዳንዱ እስከ አራት የሄክሳዴሲማል (የ16 መሠረት፦ 0–9ና a–f) አሃዝ። ለፍተሻ ከተመደበው ክልል አንዱን እንውሰድ፦

2001:0002:0000:0001:0000:0000:0000:0025

ይህ አድራሻ በብዙ መልክ ሊጻፍ ስለሚችል ሎግ (የክንውን መዝገብ) ውስጥ በጽሑፍ የሚፈልገው ሰው ሳያገኘው ይቀራል። ችግሩን በሚገባ የፈታው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ አርኤፍሲ 5952 ነው። በእሱ መሠረት የየክፍሉ መሪ ዜሮዎች ይጣላሉ፤ ረጅሙ የዜሮ ክፍሎች ተርታ በድርብ ኮለን ይተካል፤ እኩል ተርታዎች ካሉ የመጀመሪያው ይመረጣል፤ ብቻዋን የቆመች የዜሮ ክፍል በድርብ ኮለን አትተካም፤ ፊደላቱም በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት (a–f) ይጻፋሉ። ውጤቱ፦

2001:2:0:1::25

ድርብ ኮለን ሁለት ጊዜ ቢገባ በየቦታው ስንት ዜሮ እንደተዘለለ ማወቅ ስለማይቻል የሚፈቀደው አንዴ ብቻ ነው። ፖርት (አገልግሎቱን የሚለይ ቁጥር) ሲጨመር አድራሻው በማዕዘን ቅንፍ ይታጠራል፦ [2001:2:0:1::25]:443። ቅንፉ ከተረሳ 443 የአድራሻው የመጨረሻ ክፍል ሆኖ ይነበባል፤ ጽሑፉም ትክክለኛ አድራሻ ስለሆነ ፕሮግራሙ ስህተት አለ አይልም።

የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ) 48 ቢት ሲሆን በስድስት ጥንድ አሃዝ፣ በአንዳንድ ስዊቾች (የኔትወርክ ማገናኛ መሣሪያዎች) ደግሞ በሦስት ባለአራት አሃዝ ክፍሎች ይጻፋል።

ባለ 32 ቢት የኤኤስ ቁጥሮች (በኢንተርኔት ላይ ራሳቸውን የቻሉ ኔትወርኮች መለያ) አጻጻፍ ሲያከራክር ቆይቷል። 65536ን 1.0 ብሎ መጻፍ ለዓይን ይቀላል የሚሉ ነበሩ። ነጥብ ግን በሬጉላር ኤክስፕሬሽን (በጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) ማንኛውንም ምልክት ስለሚወክል የነበሩ ማጣሪያዎችን ያዛባል፤ አርኤፍሲ 5396 እ.ኤ.አ. በ2008 ተራውን ቁጥር መርጧል።

በዳታቤዝ ውስጥ አድራሻን በባይት ወይም በራሱ የአድራሻ ዓይነት ማስቀመጥና ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ ጽሑፍ መለወጥ ይሻላል። በጽሑፍ ከተቀመጠ ሲደረደር 10.0.0.10 ከ10.0.0.9 ይቀድማል።